ፋሲል ግቢና የፈንጣጣው መዝገብ፦ የጎንደር የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ከባሕር ዳር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎንደር የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። ያመጣኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሳኒታሪያን፣ ማለት የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ሆነው ከተመረቁ ጀምሮ የሥራ ዘመናቸውን በከተማው ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ምንጭ ሲያጎለብቱ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩና ክትባት ሲሰጡ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ተዛውረው እንዲሠሩ፣ በኋላም ወደ ውጭ ሄደው እንዲማሩ ተጠይቀው ሁለቱንም ትተዋል። አሁን ልጆቻቸው ከባሕር ማዶ ሆነው ሁለት ነገር አስበውላቸዋል፤ የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ ማሳተምና ካጎለበቷቸው ምንጮች በአንዱ ላይ ስማቸው የተቀረጸበት እብነ በረድ ማቆም። መጽሐፉን እንድጽፍ የተጠየቅሁት እኔ ስሆን፣ ጋሼ ግን ሁለቱንም እንደማይፈልጉ በስልክ ነግረውኝ ነበር። «ነይና ጎንደርን ላሳይሽ፤ ከዚያ በኋላ ትጽፊ እንደሆን እናያለን» አሉኝ። በመንገድ ላይ የማሰላስለው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከሞት በኋላ የሚቆይ ስም ይሻላል ወይስ ረጅምና ጸጥ ያለ ሕይወት?

ማምሻውን ፒያሳ ወጣን። ጣሊያን ካሠራቸው ሕንጻዎች መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና ብለው አዩትና፣ «በ1859 ዓ.ም. የዚህን ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው፤ ከተማው ደግሞ እምብርቱ ላይ አቆማቸው» አሉ። ነገሩን የተናገሩት በቅሬታ ሳይሆን የሒሳብ ስሌት በሚያሳይ ሰው ድምፅ ነበር። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያልፉ ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነበር፤ የዚያች ቀን አሟሟታቸው ከዚያ በፊት ያደረጉትን ብዙ ነገር ሸፈነው። ከመቃብር በላይ የሚውል ስም በአጭር ዕድሜ የሚገዛ ከሆነ፣ በአገራችን ከሳቸው የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ሆኖም ስሙ የተሠራው እሳቸው ከሠሩት ሁሉ ሕዝብ መርጦ በያዘው ነው።

ዓርብ

ዛሬ ሙሉውን ቀን በፋሲል ግቢ ዋልን። ዐሥራ ሁለት በሮች ያሉትን የግቢውን ቅጥር አልፎ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚያየው የአፄ ፋሲልን ግንብ ነው፤ ጥቁር ቡናማ ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ፣ በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ማማዎች ጉልላት ደፍተው። ከእኛ አጠገብ የነበሩ ጎብኝዎች ግንቡን ፖርቱጋሎች እንደሠሩት እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሰማን። ፋሲል በ1624 ዓ.ም. እንደ ነገሠ በፖርቱጋል የሚደገፉትን ካቶሊኮች፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን፣ ከአገር ያስወጣ፣ ከተማዋንም በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆረ ንጉሥ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው አባባሉ ያስገርማል። ይህን ያህል ድንጋይ ከምሮም ባለቤትነቱ በሌላ ሰው ስም ሊነገርበት ይችላል ማለት ነው።

ፋሲል ዘላቂ ሥራንና ረጅም ዘመንን አጣምረው ከያዙ ጥቂት ነገሥታት አንዱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ነግሦ በ1660 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው በጣና ደሴት፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ይህ ሁሉ ሰላም ግን ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ልጁ ዳዊት ባመፀበት ጊዜ ወደ ወህኒ አምባ አስወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ለዙፋን ሊታጩ የሚችሉ የንጉሥ ልጆች በዚያ ገደል አናት ላይ እየተጠበቁ፣ ቀለብ እየተሰፈረላቸው ዕድሜያቸውን እንዲገፉ ሆነ። ጋሼ የድንጋይ ደረጃ ላይ አረፍ ብለው፣ «ረጅምና ጸጥ ያለ ሕይወት ብቻውን ደግ ነገር ነው የሚል ሰው ወህኒን ያስብ። እዚያ ጸጥታ ሞልቶ ነበር» አሉኝ። እኔ ደግሞ ይህን ከሳቸው አልጠበቅሁም ነበር፤ ጸጥ ያለውን ሕይወት ሲያወድሱልኝ ልጽፍ ነበር የተዘጋጀሁት።

ከአምባው ወርደው የነገሡት ብዙም አልተሳካላቸውም። ቴዎፍሎስ የነገሠው ሦስት ዓመት ያህል ነው፤ ከፋሲል ልጅ የተለየው ሣልሳዊ ዳዊት የዘፈን ቤቱን አሠርቶ በአምስት ዓመቱ ሞተ፤ በመርዝ እንደተገደለም ይነገራል። በካፋ ከነሱ የተሻለ ዘመን አግኝቶ ዘጠኝ ዓመት ገዛ። በአምባው ላይ የቀሩት ግን ስንት እንደ ነበሩ እንኳ የሚነግረን ግንብ የለም። አንዱ ወርዶ በግድያ ይሞታል፣ ስሙም ይተርፋል፤ ሌላው እዚያው ሸምግሎ ይሞታል፣ ስሙም ይጠፋል። ምርጫ የሚባለው ነገር ከሁለቱም ደጃፍ አልደረሰም።

ከዚያ ወደ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ አለፍን። ኢያሱ ከጎንደር ነገሥታት ሁሉ ገናና ነበር፤ ግንቡንም በዝሆን ጥርስና በወርቅ እንዳስጌጠው ይተረካል። ዛሬ የሚታየው ጣሪያው የፈረሰ ግድግዳ ነው፤ ጥቂቱን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቀረውን ጣሊያኖች ግቢውን ይዘው ሳለ እንግሊዞች የጣሉት ቦምብ አፈረሰው። ኢያሱ ራሱ ከመንግሥት ወርዶ በጣና ደሴት በጸጥታ ሊኖር ሲል በ1699 ዓ.ም. ተገደለ። ዙፋኑን የወሰደበት ልጁ ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይሞላ በተራው ተገደለ፤ ሕዝቡም ርጉም የሚል ቅጽል ሰጠው። ይህ ቅጽል እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በዚሁ መንገድ ስድስት ጊዜ ነግሦ ስድስት ጊዜ የወረደው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠራና ዕድሜውም የሰነበተ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የሚታወሰው «ፍጻሜ መንግሥት» ተብሎ ነው። ስም ይቆይልኝ ብሎ የሚደክም ሰው የትኛው ስም እንደሚቆይለት አያውቅም።

ቅዳሜ

ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ያሠሩበት ኮረብታ ነው። ከፈረሰው ግንብ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም ጎልተው ይታያሉ፤ ጣቴን በአንዱ ጠርዝ ላይ ሳሳልፍ ድንጋዩ ለስላሳና ተፈርፋሪ ሆኖ አገኘሁት፤ ከዙሪያው ካለው ጥቁር ድንጋይ ይልቅ ቀድሞ የሚያልቀው ጌጡ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ የሦስት ሰዎች አፅም በአንድ የመስታወት ሣጥን የተቀመጠበትን ክፍል ከፈቱልን፤ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ። ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን በእጃቸው ያስተዳድሩ ነበር። ልጃቸው በ1747 ዓ.ም. ሞተባቸው፤ ኢዮአስን ደግሞ በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሉት። እሳቸው እስከ 1765 ዓ.ም. ኖሩ። ረጅም ዕድሜም፣ የማይጠፋ ስምም ደርሷቸዋል፤ ረጅሙ ዕድሜ የልጅንና የልጅ ልጅን ቀብር ማየት ሆነባቸው። በዚህ ክፍል ውስጥ ብዙ መቆም አልቻልኩም፤ አፅሙ በጣም ቅርብ ነው፣ የራስ ቅሎቹም ትንንሽ ናቸው።

ወደ ውጭ ስንወጣ ጋሼ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ እዚሁ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ ሐኪም ነው ተብሎ ተጠርቶ የተዘጉትን በሮችና መስኮቶች አስከፍቶ፣ ክፍሎቹን አሳጥኖ ሕፃናቱን እንዲያስታምም ተደረገ፤ ከልጆቹ የሞተም፣ የዳነም ነበር። «ንጉሥ ነኝ ብትዪው የሚመለስ በሽታ አልነበረም» አሉ ጋሼ። ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እሳቸው ያንኑ በሽታ ለማጥፋት በተጀመረው ዘመቻ ላይ ነበሩ።

ዘመቻው በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። ዋነኞቹ ሠራተኞች ሳኒታሪያኖች ነበሩ። ጋሼ እንደሚሉት ችግሩ ገደሉና የዝናቡ ወራት ብቻ አልነበረም፤ በአገራችን የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት በአብዛኛው ቀለል ያለውና ብዙ ሰው የማይገድለው ስለነበር፣ ሰዉ ለክትባቱ መቸኰል አልታየውም። ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የቆየ ልማድ ስለነበረም፣ አንዳንዱ እንግዳ ከታቢ ምን እንደሚጨምርለት አይገባውም ነበር። መርፌዋ ጫፏ እንደ መንታ ሹካ የተከፈለች ናት፤ በመድኃኒቱ ነክረው ሲያወጧት አንዲት ጠብታ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ትንጠለጠላለች፤ ከዚያ የላይኛውን ክንድ ዐሥራ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መውጋት ነው። ጋሼ ይህን ሲያሳዩኝ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ባዶ አየር ይዘው ክንዴን ነካ ነካ አደረጉት፤ እጃቸው ሌላ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ያን ጊዜ ግን አልተንቀጠቀጠም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው። ከዚያ በሶማሊያ የቀረውም ጠፍቶ፣ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ1972 ዓ.ም. ነው። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚያው በ1972 ዓ.ም. መሆኑን ለጋሼ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ለግንቡ ጠባቂ ቀጠሩለት፤ እኛን ግን ወደ ሌላ ሥራ አዛወሩን፤ ትክክልም ነው። የጠፋ በሽታ ምን ጠባቂ ያሻዋል? ያልታመመ ሰው ማን እንዳዳነው በምን ያውቃል?»

ይህ አባባላቸው ልቤን ነክቶታል፤ ሆኖም አልተቀበልኩትም። በዚያው ኮረብታ ላይ ቆመን የተከራከርነውን ላስፍረው። ምንትዋብ ለቁስቋም ካህናት ጉልት የሰጡት እንዲሁ አልነበረም፤ ካህናቱ ከመሬቱ እየበሉ እንዲያገለግሉ፣ እሳቸውንም በጸሎት እንዲያስቡ ነው። ስማቸው የቦታው መጠበቂያ ገመድ ሆኖ አገለገለ። ስምን እንደ ከንቱ ውዳሴ ብቻ የሚያይ ሰው፣ ስም ስንት ጣሪያ እንዳስጠገነ ይረሳል። «ጋሼ፣ እርስዎ ያጎለበቱትን ምንጭስ ማን ይጠብቀዋል?» አልኳቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። «ሰኞ እንሄዳለን» ብቻ አሉኝ።

እሑድ

ቅዳሴውን በደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀደስን። አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ከተማውን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። በጣሪያው ላይ የተደረደሩት የኪሩቤል ፊቶች ክንፋቸውን አጥፈው ወደ ታች ያያሉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ በአታ ሄድን፤ የጎንደር አቋቋም፣ በመቋሚያና በከበሮ የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የሚመሰከርበት ቦታ ነው። ተማሪዎቹ መቋሚያቸውን አንድ ላይ ሲያነሡ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር፤ አንዱ ልጅ አንዲት ቃል ሲስት ዐይናቸውን ሳይገልጡ በጣታቸው መሬቱን መታ አደረጉና መለሱት። በጎንደር ታች ቤት የተባለውን የመጽሐፍ ትርጓሜ ሥርዓት ያቀናው መምህር ኤስድሮስ ግንብ አላሠራም፤ ስሙ ግን ትርጓሜ በሚማር ሰው ሁሉ አፍ ይነሣል። የግንብ ባለቤቶችን ስም ከመንገድ ጠቋሚ የሚያነቡ ጎብኝዎች ይህን ስም አያውቁትም። ሁለቱንም መመዘኛ ሳስብ፣ ለእኔ የሚበልጥብኝ የመምህሩ ዓይነት ስም ነው፤ ተማሪ እስካለ ድረስ እድሳት አይጠይቅም። ተማሪ ሲጠፋ ግን በአንድ ትውልድ ያልቃል፣ ፍርስራሽ እንኳ አይተርፈውም።

ሰኞ

በጠዋት ወደ ደምቢያ ወረድን። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ከመከፈቱ ቀደም ባሉት ዓመታት በዚህ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሷል፤ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ በጎንደር እንዲቋቋም ያስገደደው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ጋሼ በመኪና ውስጥ ሳሉ ከፌስታል አውጥተው የሰጡኝ የፈንጣጣ ክትባት መዝገብ ጠርዙን ምስጥ የበላው ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ገጽ የመንደሩ ስም፣ የአባወራው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ከዚያም የተከተቡት ቁጥር በቀይ ሰፍሯል። በአንድ ገጽ ላይ ስምንት ስሞች በተከታታይ «ሸሽተዋል» የሚል ጽሑፍ ተደርጎባቸዋል፤ ከሥራቸው፣ በሌላ ቀለም፣ «በሌሊት ተመልሰን ከተብን» ይላል። የሳቸው ስም በየትኛውም ገጽ የለም።

ምንጩ ከአንድ ዝግባ ሥር ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራው ሣጥን አሁንም ውሃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከላይ የጎርፍ መከላከያው ቦይ በደለል ተሞልቷል፣ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ተደፍኗል፣ አጥሩ የለም፣ በአጥሩ ቦታ የከብት ኮቴ አለ። ጀሪካን የምትቀዳ አንዲት ሴት ምንጩን ማን እንደሠራው ጠየቅኋት።

«ጣሊያን ነው አሉ» አለችኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «እመቤቴ፣ ይህን ቦይ የሚጠርግ ሰው አለ?» ብለው ጠየቋት። የለም አለች፤ የሥላሴን ፍርድ በሚጠብቅ ሰው አነጋገር ክረምት ሲገባ ልጆች ተቅማጥ እንደሚይዛቸው ጨመረችላቸው። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። ከአጠገቡ ቤት ዶማ አስመጥተው፣ እኔና ሁለት ልጆች ስንቆፍር እሳቸው በከዘራቸው የቦዩን መስመር ያሳዩን ጀመር፤ ቱቦውን የደፈነውን ሥርና ጭቃ በሽቦ ስናወጣው ውሃው ተንፈቅፍቆ ወጣ። ጣሊያን መባሉ ምንም አላስቀየማቸውም፤ ቦዩ አለመጠረጉ ግን እስከ ማታ አላስቻላቸውም። ምሳ ሳይበሉ ነው ከተማ የተመለስነው።

ማታ ቡና ሲፈላ እብነ በረዱን እንደሚቀበሉ ነገሩኝ። ስማቸውን ግን አልፈለጉም። እንዲጻፍ የፈለጉትን በወረቀት ላይ አሰፈሩልኝ፦ ቦዩ ከክረምት በፊትና በኋላ ይጠረግ፤ ሣጥኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ በክሎሪን ይታጠብ፤ ከብት ከአጥር ውስጥ አይግባ፤ መክፈቻው በስተ ግራ ነው።

ማክሰኞ

አውሮፕላኔ ከሰዓት በኋላ ስለነበር በአዘዞ በኩል ቀደም ብለን ወጣን። አፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት እዚህ ገነተ ኢየሱስ ነው። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ሕዝቡንም ወደዚያ ሊያስገቡ ሲሉ የተነሣባቸውን ዐመፅ ወይና ደጋ ላይ ድል አድርገው ከተመለሱ በኋላ የሞቱት ሁሉ ክርስቲያኖችና የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸው ሲነገራቸው የቀድሞውን ሃይማኖት ለሕዝቡ መልሰው፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁ ንጉሥ ናቸው። በ1624 ዓ.ም. ወረዱ፤ በ1625 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አረፉ። ጸጥታውን የመረጡት የምር ነበር፣ የደረሳቸው ግን ከሦስት ወር ብዙም አይበልጥም። ይህን ስናነሣ ጋሼ፣ «እሳቸውስ ቢሆን የለቀቁት ጸጥታ ፈልገው መሰለሽ? ሰው እንዳይሞት ነው» አሉ። በዚህ ተስማማን፤ በቀሩት ብዙ ነገሮች አልተስማማንም።

የእብነ በረዱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቼ ለልጆቻቸው ላክሁላቸው፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል ስማቸውና ምንጩ የጎለበተበት ዓመት ቢጨመር ጥሩ ነው የሚለውን የራሴን ሐሳብም አከልኩበት፤ ስም ያለበትን ነገር ሰው ይጠርገዋል ብዬ አሁንም አምናለሁ። ወንድ ልጃቸው አባቱ እንዳሉት ይሁን ብሎ ጻፈልኝ። ሴት ልጃቸው ግን ስሙ ከላይ፣ በትልቁ ካልተጻፈ ገንዘብ እንደማትልክ አስታውቃለች። ጋሼ መልእክቷን በመነጽራቸው ካነበቡት በኋላ ስልኩን መለሱልኝና፣ «እንግዲያው ክሎሪኑን ትላክ» አሉኝ።